ባትሪ የሚያዞረው ማርሽ በጎንደር ደጋ

ጎንደር ማርሽ የምትፈትን ከተማ ናት። ከአዘዞ ሜዳ ተነስቶ ወደ ፒያሳ የሚወጣ፣ ከፋሲል ግቢ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚያቀና፣ ከማራኪ ቁልቁል የሚወርድ ብስክሌተኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ እጁ ከማርሹ አይለይም። ከከተማው ሲወጡ ደግሞ ይብሳል። ወደ ሰሜን ደባርቅ የሚወስደው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 2,100 ሜትር አካባቢ ጀምሮ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ከ2,800 ሜትር በላይ ያወጣል። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ የሚዘልቀው የፓርኩ ጠጠር መንገድ ደግሞ 3,600 ሜትርን ይነካል። ከደባርቅ ማዶ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ አለ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል፤ የወረደ ሁሉ መልሶ ይወጣዋል። በምዕራብ በኩል ከመተማ ቆላ ወደ ጎንደር የሚመጣውን አቀበት ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚጓዘው ቱር ዳፍሪክ ተሳታፊዎች በደንብ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ይህ ጉዞ የሱዳን መንገድ ክፍት በነበረባቸው ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው በዚያ በኩል ነበር።

እንዲህ ባለ አገር ማርሹን በካቦ መጎተት ቀርቶ በትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር ቢለወጥ ይበጃል ወይ? ጥያቄው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ዘመድ የሚላክላቸው ወጣቶች፣ ለውድድር የሚዘጋጁ ልጆችና ያገለገለ ብስክሌት ከአዲስ አበባ የሚገዙ ሰዎች እየደጋገሙ የሚያነሱት ሆኗል። መልሱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ጫፍ ይመጣል። አንዱ ወገን “ለፈረንጅ አስፋልት የተሠራ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ገብቶበት ይቀራል” ይላል። ሌላው “አንዴ ከተገጠመ በኋላ አይነካም፤ ከጣጣ ነፃ ነው” ይላል። ሁለቱም አላሳመኑኝም። ኤሌክትሮኒክ ማርሽ እዚህ የሚበላሽበት ምክንያት በአብዛኛው አሮጌው ምክንያት ነው፤ የተጣመመ ማንጠልጠያ፣ ያለቀ ካቴና፣ ያለ ልክ የጠበቀ ብሎን። ይህን የሚያስተካክል ሙያ ደግሞ ጎንደር ውስጥ አለ። የጎደለው ሌላው ግማሽ ነው፤ እሱም የት እንደሚገኝ እመለስበታለሁ።

ነገሩ ከየት መጣ? ፈረንሳዊው ማቪክ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ “ዛፕ” የሚባል ማርሽ አወጣ። ብልሃቱ ዛሬም ይገርማል። ባትሪው ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረውን ለዋጭ አይገፋም፤ የሚሰጠው ትእዛዝ ብቻ ሲሆን፣ ጉልበቱ የሚመጣው በካቴናው ከሚሽከረከረው ትንሽ ጥርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ያለ ሽቦ የሚሠራውን “ሜክትሮኒክ” አስከተለ። ሁለቱንም እርጥበት አስቸገራቸውና ገበያው ሳይቀበላቸው ቀረ። ነገሩን በእግሩ ያቆመው የጃፓኑ ሺማኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ለገበያ የቀረበው ዱራ ኤስ ዲአይቱ በሽቦ የተገናኘ፣ ከአንድ ባትሪ የሚመገብና ሁለቱም ለዋጮች ሞተር ያላቸው ነበር። በ2011 ጣሊያናዊው ካምፓኞሎ ኢፒኤስን ይዞ መጣ። በ2015 የአሜሪካው ስራም በሽቦ ፋንታ በሬዲዮ የሚነጋገረውን ሬድ ኢታፕ አስተዋወቀ፤ ከ2019 ጀምሮ በተራራ ብስክሌትም ገባበት። ከዚያ በኋላ ዋጋው ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ስራም ሪቫልን በ2021፣ ሺማኖ 105 ዲአይቱን በ2022 አወጡ። በዚህ ጊዜ ዊልቶፕንና ኤልቱን የመሳሰሉ የቻይና አምራቾችም የራሳቸውን ይዘው ገቡ። ለእኛ ዋናው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ዕቃው ወደ ጎንደር የሚደርሰው በሻምፒዮኖቹ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ዳሰሳ አያስፈልገውም ነበር።

የኢትዮጵያ ብስክሌት ከካቦ ጋር የኖረበት ዘመን ረጅም ነው። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባ በጎዳና ብስክሌት 24ኛ ሲወጣ፣ ቡድኑ 9ኛ ሆኖ ነበር። ማርሽ መለወጥ ማለት ያኔ አንድ እጅን ከመሪው አንስቶ፣ ዘንጉን በጆሮና በጣት ስሜት መግፋት ነው። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ማልያ ቱር ደ ፍራንስን የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ግን፣ በዚያ ደረጃ የሚወዳደሩት ቡድኖች አብዛኞቹ በባትሪ ወደሚሠራው ተሻግረው ነበር። በ2018 ዓ.ም. መስከረም የዓለም የጎዳና ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ላይ፣ ኪጋሊ ውስጥ ሲካሄድ ያየ የጎንደር ልጅ አሸናፊው ታዴይ ፖጋቻር በጣቱ ቁልፍ ሲነካ እንጂ ዘንግ ሲገፋ አላየም። ያንን ዕቃ በእጁ የነካ፣ ፈትቶ የገጠመ ሰው ግን እዚህ ጥቂት ነው። ከእኛ አገር ቤት ተነስቶ ወደ ውጭ ቡድን የሚሄድ ልጅ መጀመሪያ የሚያጋጥመው እንግዳ ነገር አንዱ ይህ መሆኑ ያሳስበኛል።

አሠራሩ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። መሪው ላይ ያለው መለወጫ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሲነካ ለዋጩ ውስጥ ያለው ሞተር በቁጥር የተመደበለትን ርቀት ሄዶ ይቆማል። በሺማኖ አሮጌ ስሪቶች ትእዛዙ ሁሉ በሽቦ ይሄዳል። ከ2021 ወዲህ በወጡት የመንገድ ብስክሌት ባለ 12 ጥርሶች ግን መለወጫው በሬዲዮ ይናገራል፤ ለዋጮቹ ደግሞ በኮርቻ ዘንግ ውስጥ ካለው ባትሪ ጋር በሽቦ ይያያዛሉ። ስራም እያንዳንዱን ለዋጭ በጀርባው በተሰካ የራሱ ባትሪ ያሠራል፤ ሽቦ የሚባል የለውም።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? በእኔ ግምት ለደጋው ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ አይደለም፤ ካቦው መቅረቱ ነው። ሐምሌ ላይ የወገራን ጥቁር አፈር የነካ ሰው ይህን ያውቃል። ጭቃው ካቦው በሚያልፍበት ሽፋን ጫፍ ይገባል፤ በበጋ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ካቦው ይጎተታል እንጂ በራሱ አይመለስም። ለዋጩ የሚመለሰው በስፕሪንግ ስለሆነ የሚይዘው ነገር ሲበዛ አንዱን ጥርስ ይዘልላል፤ ሌላውን ይሸሻል። ጥገናው በየጊዜው ካቦና ሽፋን መለወጥ ነው፤ ጥሩ ካቦ ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም። ሞተሩ ይህን ጣጣ በአንድ ጊዜ ያስቀራል። በኮሶዬ ጉም ውስጥ እጁ የደነዘዘ ሰውም ዘንግ ከመግፋት ቁልፍ መንካት ይቀለዋል።

ወደ ገጠማው ልለፍ። ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ነው፤ ብዙ ሰው ስልኩን አውጥቶ መተግበሪያ በመክፈት ይጀምራልና። መጀመር ያለበት ከማንጠልጠያው ነው። የኋላ ለዋጭን ከፍሬሙ ጋር የምታያይዘው ትንሽ የአልሙኒየም ጆሮ ሆን ተብሎ ለስላሳ ሆና የተሠራች ናት፤ ብስክሌቱ ሲወድቅ ፍሬሙ ከሚሰበር እሷ እንድትጣመም። ባለ 12 ጥርስ ካሴት (የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ) ላይ በአንዱና በሌላው ጥርስ መካከል ያለው ርቀት 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ዓይን የማያየው ጥመት አንዱን ማርሽ አስተካክሎ ሌላውን ያበላሻል። ሞተሩ ታማኝ ነው፤ የታዘዘውን ያህል ይሄዳል፤ የቆመበት መሠረት ከጠመመ ግን በታማኝነት ወደ ተሳሳተ ቦታ ይሄዳል። ካቦ ያለው ማርሽ በመጠኑ ይቅር ይላል፤ ይህኛው አይልም።

ለዚህ የሚሸጠው ማስተካከያ መሣሪያ ጎንደር ላይ ላይገኝ ይችላል። አሮጌ ጠጋኞች የሚያውቁት ዘዴ ግን ይሠራል። ለዋጩ ይፈታል፤ በቦታው ላይ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው የሌላ ብስክሌት የኋላ ጎማ አክሰል ይጠመዘዛል፤ የሁለቱ ጥርስ አንድ ዓይነት ነውና ይገባል። ከዚያ ሁለቱ ጎማዎች ጎን ለጎን ቆመው በአራት ቦታ፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከፊትና ከኋላ፣ ርቀታቸው በማስመሪያ ይለካል። አንዱ ወገን ከጠበበ ማንጠልጠያው በዝግታ ይቃናል። ደጋግማ የተቃናች ጆሮ ግን ትሰነጠቃለች፤ ስለዚህ ለዚያው ፍሬም የምትሆን አንዲት ትርፍ መያዝ ከማንኛውም ትርፍ ዕቃ ይቀድማል። ማንጠልጠያ እንደ ጎማ በሁሉም ብስክሌት አይገባም፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ቅርጽ ያወጣል። ስራም በ2023 ለተራራ ብስክሌት ያወጣው አዲሱ ስሪት ጭራሹን ያለ ማንጠልጠያ በቀጥታ ፍሬሙ ላይ ይታሰራል፤ የሚገባው ግን ለዚያ በተዘጋጀ ፍሬም ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ካቴናው ነው። 24 ቀለበት ያለው አዲስ ካቴና ከፒን ወደ ፒን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ከ306 አለፍ ሲል፣ በባለ 11 እና በባለ 12 ጥርስ ላይ ጊዜው አልቋል። ያለቀ ካቴና ካሴቱን ይዞ ይጠፋል፤ ካሴቱ ደግሞ ውድ ነው። ይህን ሳይለኩ የኤሌክትሮኒክ ማስተካከያ ውስጥ መግባት ልፋት ነው። ለዋጩ የቱንም ያህል ቢስተካከል አቀበት ላይ ይዘልላል፤ ባለቤቱም ሞተሩን ይከስሳል።

ከዚያ ወሰኖቹ ይመጣሉ። የኋላ ለዋጭ ላይ እንደ ድሮው “ኤች” እና “ኤል” የተጻፈባቸው ሁለት ትናንሽ ብሎኖች አሉ። አንዱ ካቴናው ከትልቁ ጥርስ አልፎ ወደ ጎማው ራጂ እንዳይገባ፣ ሌላው ከትንሹ ጥርስ አልፎ ፍሬሙን እንዳይቧጥጥ ይከለክላሉ። ካቦ ላይ የለመደ እጅ ካቻቢቴውን ይዞ እስኪጠብቅ ያዞራል። እዚህ ላይ ግን ልማዱ መቀየር አለበት። በሺማኖ ዲአይቱ የትልቁ ጥርስ ብሎን ክንዱን ነክቶ ይቆማል እንጂ አይገፋም። በትንሹ ጥርስ በኩል ደግሞ ከነካ በኋላ አንድ ዙር ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ሞተሩ ወደ ውጭ ሲሄድ ትንሽ አልፎ የመመለስ ባሕርይ አለው። ቦታ ካጣ ከብሎኑ ጋር ይታገላል፤ ባትሪ ይበላል፤ ሲቆይም ራሱን ይጎዳል። “ባትሪው ቶሎ ያልቃል” የሚል ሰው ሲመጣ ከባትሪው በፊት ይህን ብሎን ማየት ይገባል። ቀጥሎ በላይኛው ትንሽ ተሽከርካሪ ጥርስና በካሴቱ ትልቅ ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ይስተካከላል። ሲጠብ ይንጫጫል፤ ሲሰፋ ለውጡ ይዘገያል።

ወደ ረቂቁ ማስተካከያ የሚገባው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በሺማኖ ዲአይቱ አሠራሩ ከመሰንቆ ቅኝት ጋር ይቀራረባል፤ በጆሮ ነው የሚገኘው። ካቴናው ከካሴቱ መካከል ባለ ጥርስ ላይ ይቀመጣል። የማስተካከያው ቁልፍ ተይዞ መብራቱ ቀይ ሲሆን መለወጫው በተነካ ቁጥር ለዋጩ በጣም ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 16 ደረጃ አለው። ፔዳሉ እየዞረ ካቴናው ቀጥሎ ያለውን ትልቅ ጥርስ ነክቶ ጭርጭር እስኪል ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ከዚያ ጥቂት ደረጃ ወደ ኋላ ሲመለስ ጸጥ ይላል። ቦታው ያ ነው። በስራም መለወጫው ላይ ያለውን ትንሽ ቁልፍ ይዞ መቀየሪያውን መንካት ያንኑ ያደርጋል፤ ስልክ እንኳ አያስፈልገውም። መንገድ ላይ ፔዳል እየመቱ ማስተካከል መቻሉ በካቦ ዘመን ያልነበረ ምቾት ነው፤ ዳባት ደርሶ ካቻቢቴ ከመዋስ ያድናል።

በሽቦ ለሚሠራው አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የሽቦው ጫፍ “ቀጭ” እስኪል ካልገባ ማርሹ ለጊዜው ይሠራል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ውኃው በዚያች ክፍተት ይገባል። ባዶ የቀረ ቀዳዳ ካለም የራሱ መድፈኛ ሊኖረው ይገባል። በተጨማሪም የባለ 11 ጥርሱ ሽቦና የአዲሱ ባለ 12 ጥርስ ሽቦ ውፍረታቸው ስለሚለያይ አንዱ ለሌላው አይሆንም። በገበያ ያገለገለ ዕቃ በቁርጥራጭ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

ከገጠማ በኋላ ያለው እንክብካቤ ከባድ አይደለም፤ ግን የእኛን አገር ልማድ ይነካል። ብስክሌት በመኪና ማጠቢያ ቤት በግፊት ውኃ ማሳጠብ የተለመደ ነው። ለዚህ ማርሽ ትልቁ ጠላት እሱ ነው። ዕቃው ዝናብ እንዲችል ተደርጎ ተሠርቷል፤ በግፊት የሚረጭ ውኃ ግን ማሸጊያውን አልፎ ይገባል። ባልዲ፣ ጨርቅና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃሉ። ካቴናውን በናፍጣ ማጠብም የተለመደ ነው፤ ከተቻለ ካቴናው ተፈትቶ ለብቻው ይታጠብ። ናፍጣም ሆነ ቤንዚን ለዋጩ ላይ ከተረጨ ጎማ ማሸጊያዎቹን ያሳብጣል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ካቴና ላይ መቀባት ደግሞ በበጋ የአቧራ ወጥመድ ማበጀት ነው። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ባለው ጠጠር መንገድ ላይ ያ ዘይት አቧራውን ይዞ ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት፣ ጠብታ በጠብታ ተደርጎ ትርፉ በጨርቅ ቢጠረግ ይሻላል፤ ሲዘንብ ቶሎ ስለሚታጠብ ግን በክረምት መደጋገም ይፈልጋል። ሞተሩ ራሱ ዘይት አይፈልግም፤ ተከፍቶ የሚቀባ ነገር የለውም።

ባትሪው ከሚባለው በላይ ይቆያል። የሺማኖም የስራምም የመንገድ ብስክሌት ባትሪ በአንድ ሙሌት 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚያስኬድ ነው የሚነገረው፤ አቀበት በበዛበት፣ መለወጡም በሚደጋገምበት በእኛ መንገድ ከዚያ ዝቅ ብሎ ቢታሰብ ይሻላል። ያም ሆኖ ጎንደር ደባርቅ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ነው። መብራት ለሦስት ቀን ቢጠፋ እንኳ ብስክሌተኛው አይቆምም። ባትሪው ትንሽ በመሆኑ ለስልክ ከሚውል ፓወር ባንክ ወይም በገጠር ቤት ጣሪያ ላይ ካለች የፀሐይ ሰሌዳ ሊሞላ ይችላል። የሚያሰጋው መብራት ሲመለስ የሚመጣው የኃይል መዋዠቅ ነው፤ ቻርጀሩን መብራት በጠፋበት ሰዓት ሶኬት ላይ ትቶ መሄድ አይገባም። ሊያልቅ ሲል አስቀድሞ ይናገራል። የስራም መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ፣ ከዚያ ወደሚያብረቀርቅ ቀይ ይለወጣል። የሺማኖ ደግሞ መጀመሪያ የፊት ለዋጩን ያቆማል፤ የኋላውን እስከ መጨረሻው ያቆያል። የፊቱ በድንገት እምቢ ካለ ብልሽት ከመፈለግ በፊት ባትሪው ይታይ። ስራም ላይ የፊትና የኋላ ባትሪዎች አንድ ዓይነት በመሆናቸው የኋላው ሲያልቅ ከፊቱ ነቅሎ መሰካት ይቻላል።

ብርድ ሌላ ነገር ነው። ከፍታው በራሱ ባትሪውን አይጎዳውም፤ የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ግን አቅሙ ይቀንሳል። ጨነቅ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ድንኳን ውስጥ የሚያድር መንገደኛ የስራምን ባትሪ ነቅሎ ከልብሱ ሥር ማሳደር ይችላል፤ በኮርቻ ዘንግ ውስጥ የተቀበረው የሺማኖ ባትሪ ግን ከብስክሌቱ ጋር ይበርዳል። ጠዋት ደካማ መስሎ የታየው ፀሐይ ሲመታው ይመለሳል፤ መሙላትም የሚገባው ከሞቀ በኋላ ነው። መለወጫዎቹ ውስጥ ያሉት የሳንቲም ባትሪዎች በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይለወጣሉ። የስራም የመንገድ መለወጫ የሚወስደው ሲአር 2032 የኮምፒውተር ማዘርቦርድና የመኪና ቁልፍ ውስጥ ያለው ስለሆነ ማግኘት አያስቸግርም። የሺማኖው ሲአር 1632 ግን ያን ያህል የተለመደ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ሁለት መያዝ ነው።

ብስክሌት በፖርቶ መጋላ ላይ ተጭኖ ከጎንደር ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሲሄድ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው በለዋጩ በኩል ተጋድሞ ሌላ ጭነት ስለሚጫንበት ማንጠልጠያው ይጣመማል። ለዋጩን ፈትቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ፍሬሙ ውስጥ ማሰር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ የስራም ለዋጭ መንቀሳቀስ ሲሰማው ስለሚነቃ በመኪናው ንዝረት ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያድራል፤ ባትሪው ተነቅሎ ኪስ ውስጥ ይግባ። በአውሮፕላን ለሚጓዝም ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት አይገባም።

ከወደቀ በኋላ ማርሹ “ሞተ” ተብሎ የሚመጣ ዲአይቱ አለ። ብዙ ጊዜ አልሞተም። ለዋጩ ከባድ ምት ሲያርፍበት ሞተሩ ራሱን ለማዳን ከክንዱ ይለያል፤ በትእዛዝ ድምፅ ያሰማል፤ ክንዱ ግን አይሄድም። የማስተካከያው ቁልፍ ከ5 ሰከንድ በላይ ተይዞ፣ ከዚያ ፔዳሉ እየዞረ ማርሹ ሲለወጥ ይመለሳል። ከተመለሰ በኋላ ግን ማንጠልጠያው መለካት አለበት፤ ምቱ እሷንም አልማራትም። ይህን አንድ እውቀት ያጣ ሰው ደህና ለዋጭ ጥሎ አዲስ ለመግዛት በሺዎች ያወጣል።

የስልክ መተግበሪያውን በተመለከተ ከብዙዎች በተለየ ጠንቃቃ ነኝ። በብሉቱዝ ቅንብር መለወጥ ያለ ኢንተርኔት ይቻላል፤ የውስጥ ሶፍትዌሩን ማደስ ግን ኢንተርኔት ይጠይቃል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አልረሳውም። በዚያ ጊዜ አዲስ ክፍል ገጥሞ ከአሮጌው ጋር ለማስማማት እድሳት የጠየቀው ሰው ብስክሌቱን አቁሞ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ስለዚህ ዕቃው አዲስ አበባ እያለ፣ መስመር ባለበት ቦታ ክፍሎቹ ሁሉ ተጣምረውና ታድሰው ቢመጡ ይመረጣል። እድሳቱን ጨርሶ መተውም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2024 የካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ ዩኒቨርሲቲና የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሺማኖን ሬዲዮ ትእዛዝ በአየር ላይ ቀድተው መልሰው በመልቀቅ የሌላ ሰው ማርሽ መለወጥ እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ፋብሪካውም መድኃኒቱን በሶፍትዌር ልኳል። ይህ የውድድር ሜዳ ስጋት ነው፤ በአዘዞ መንገድ ላይ ማንንም አያሳስብም።

ገንዘቡ ግን ያሳስባል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ብር በወራት ውስጥ ከግማሽ በላይ ዋጋውን ሲያጣ፣ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ሁሉ በእጥፍ ወጣ። ኤሌክትሮኒክ ለዋጭ ሲበላሽ ደግሞ አይጠገንም። ሞተሩ ታሽጎ የተሠራ ነው፤ ፋብሪካው የውስጥ ክፍል አይሸጥም፤ ሙሉው ይለወጣል። ካቦ ያለው ለዋጭ ግን ስፕሪንጉ ቢደክም፣ ብሎኑ ቢጠፋ፣ ትንሹ ጥርስ ቢያልቅ ከሌላ አሮጌ ተነቅሎ ይገጠማል። ለተማሪ፣ ለመልእክተኛ፣ ከወገራ ገበያ ወደ ከተማ ለሚመላለስ ሰው መልሴ ግልጽ ነው፤ ጥሩ ካቦ፣ ጥሩ ካቴና፣ ከኋላ ሰፊ ጥርስ። በዚያው ገንዘብ ብስክሌቱን ለዓመታት ያቆየዋል።

ለተወዳዳሪ ልጆች ሌላ ነው። አንድ ክለብ ሁሉንም ብስክሌት መቀየር አይጠበቅበትም፤ አንድ ብስክሌት ላይ ተገጥሞ ልጆቹ በተራ ቢለማመዱበት፣ መካኒኩም በእጁ ቢያውቀው ይበቃል። ለሦስተኛ ወገን ግን ይህ ዕቃ ቅንጦት ሊባል አይገባም፤ አንድ እጅ ለሌለው ወይም ጣቱ ለማይታዘዝለት ሰው። በካቦ የሚሠራ ማርሽ ሁለት እጅና የጣት ጉልበት ይጠይቃል። በኤሌክትሮኒኩ ግን የፊቱም የኋላውም ትእዛዝ በአንድ እጅ ቁልፍ ላይ ሊሰበሰብ ይችላል። ሺማኖ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በተራራ ብስክሌት ያስገባው ዘዴም አንድ ቁልፍ ሲነካ ሁለቱ ለዋጮች ተስማምተው እንዲሄዱ ያደርጋል። ጎንደር በጦርነትም በመኪና አደጋም እጃቸውን ያጡ ብዙ ሰዎች ያሉባት ከተማ ናት። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው ጎንደር ዩኒቨርሲቲም በአካል ጉዳተኞች ማገገሚያ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ቆይቷል። ይህን ቴክኖሎጂ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ጎደለው ግማሽ። ማንጠልጠያውን የሚያቃና፣ ካቴናውን የሚለካ፣ ወሰኑን የሚያበጅ እጅ በየጎሚስታው በርና በየብስክሌት ጠጋኙ አለ። የሽቦውን ጫፍ በአጉሊ መነጽር የሚያይ፣ ባትሪ በቮልት መለኪያ የሚፈትሽ፣ ዝገት የነካውን ሶኬት በአልኮል የሚያጸዳ እጅ ደግሞ በየሞባይል ጥገና ሱቁ አለ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎዳና ላይ ቢሠሩም አይተዋወቁም። ብስክሌተኛው ራሱ ዕቃውን ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢያመላልስ፣ ለዋጩን ለጠጋኙ፣ ሽቦውንና ባትሪውን ለሞባይል ሠሪው ቢያሳይ፣ ሁለቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ማንም ሳያስተምራቸው ሊማሩት ይችላሉ። የጎንደር ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አንድ የተበላሸ ለዋጭና አንድ የሚሠራ ባትሪ አግኝቶ በአጭር ሥልጠና ሁለቱን ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ቢያስቀምጥ ደግሞ ጊዜው ያጥራል። ለሥልጠናው የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ የማንጠልጠያ መለኪያ፣ የሽቦ መንቀያ ትንሽ ፕላስቲክ፣ የካቴና መለኪያ፣ ቮልት መለኪያ፣ ለሁለቱ ፋብሪካዎች የሚሆኑ ቻርጀሮች። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ “ምን ላምጣላችሁ?” ብሎ ለሚጠይቅ፣ ከለዋጩ በፊት የሚታዘዘው ይህ ነው።